የዜናው ራዊ ማን ነው?



በሆሳዕና ባለችው ትንሽ መድረሳችን ከዐስር ሰላት በኋላ ከፍ ላሉት ልጆች የሐዲስ ትምህርት እንሰጣለን። ልጆቹ መጀመሪያ የሚለምዱት ንግግሩን ከመሸምደድ በፊት ኢስናዱን መጠየቅ ነው። ይህን ማን አወራው? እርሱስ ከማን ሰማው? ሁለቱ በህይወት ተገናኝተዋል ወይ? በሰንሰለቱ መሀል ስሙ ያልተጠራ ራዊ ካለ "ሙብሀም አለበት" እንላለን። ወሬው የቱንም ያህል ቢያምር ለማስረጃነት አይቆምም። የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ያውቃል።

ጥር 28 ቀን 2005 ማክሰኞ ማታ ኢቲቪ "ጂሃዳዊ ሐረካት" ያለውን ፊልም አሳየ። በማግስቱ ከተማሪዎቻችን አንዱ እጁን አውጥቶ "ኡስታዝ፣ የትናንት ማታው ኢስናዱ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኛ ግን መልስ አጣን፤ ልጁ ያስተማርነውን ነው የጠየቀን።

እስቲ ኢስናዱን እንየው። በሐምሌ 2004 የታሰሩት የመፍትሄ አፈላላጊ ኮሚቴ አባሎቻችን ጥቅምት 19 ቀን 2005 ከሌሎች ጋር በድምሩ 29 ሆነው በጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ፊልሙ የወጣው ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ተይዞ ሳለ ነው። እንዳይተላለፍ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እግድ ሰጥቶ ነበር፤ ተላለፈ። በፊልሙ ላይ የሚናገሩት ሰዎች እስረኞች ነበሩ። ኡስታዝ አቡበክር አህመድ እጁ በካቴና ታስሮ ይታያል። ጠያቂው አይታይም። ከመልሱ በፊት ምን እንደተባለ፣ ከመልሱ ውስጥ ምን ተቆርጦ እንደወጣ አይነገረንም። በየመሀሉ ደግሞ የቦኮ ሀራም፣ የአልሸባብና የአልቃዒዳ ስምና ምስል ይገባል። ከናይጄሪያው ምስል እስከ አወሊያው ግቢ ያለውን ሰንሰለት የሚያገናኝ ራዊ የለም። የሚያገናኛቸው የፊልም አቀናባሪው መቀስ ብቻ ነው።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ነው፤ ለእኛ ሌላ ነገር ነው። ሆሳዕና ውስጥ እኛ ሙስሊሞች ጥቂት ነን። ከተማችን ስሟን እንኳ ያገኘችው ከክርስቲያኖች በዓል ነው፤ እኛም ተወልደንባት ወደን እንጠራታለን። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ የመካነ ኢየሱስና የቃለ ህይወት ምዕመናን ናቸው። ሲሞቱ እንቀብራለን፣ ሲሞትብን ይቀብራሉ። በዚያው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ከልጅነታችን ጀምሮ የሚያውቁን አንድ አባት ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ እናንተም ከእነዚያ ጋር አላችሁበት እንዴ?" አሉን። በክፋት አይደለም፤ ፈርተው ነበር። እኚህ ሰው ቦኮ ሀራም የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከእኛ ስም ጋር ተሰፍቶ ነው። በዱራሜና በሺንሺቾ ያሉ ወንድሞቻችንም ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቀዋል። ሀላባ ቁሊቶ ላይ ሙስሊሙ ብዙ ስለሆነ እንዲህ የሚጠይቅ ጎረቤት አይበዛም፤ እኛ ዘንድ ግን አንድ ፊልም የሀምሳ ዓመት ጉርብትናን ይነካል።

ታዲያ ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ መፍትሄውን ከውጪ ይጠብቃሉ። በክረምቱ ከከተማችን ወጥቶ ቱርክ የሚማር አንድ ወንድማችን ለእረፍት መጥቶ ነበር። ልጆቹ ከበውት ስለ ኢስታንቡል መስጊዶችና ስለ ኤርዶጋን ሲጠይቁት አመሹ። አንዱ "የቱርክ ጋዜጦች የእኛን ነገር ቢጽፉልን ኖሮ ዓለም ይሰማን ነበር" አለ። እንግዳው ፈገግ ብሎ "የቱርክ ጋዜጣ ጸጥታ የሚባል ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሆን ብታውቁ እንዲህ አትሉም ነበር" አለው። ያን ማታ ካጫወተንና ከዚያም በኋላ ካነበብነው ጥቂቱን ለአንባቢ እናካፍላለን።

እ.ኤ.አ በ1998 የቱርክ ጦር ሸምዲን ሳኪክ የተባለውን የኩርዱን ታጣቂ ቡድን የፒኬኬን የቀድሞ አዛዥ ከሰሜን ኢራቅ ይዞ አመጣው። ብዙም ሳይቆይ ሁሪየትና ሳባህ የተባሉት ሁለት ትልልቅ ጋዜጦች የምርመራ ቃሉ ነው ያሉትን አወጡ፤ የታወቁ ጋዜጠኞች ከፒኬኬ ገንዘብ ይቀበላሉ የሚል ነበር። ስማቸው ከተነሳው መካከል መሕመት ዓሊ ቢራንድና ጀንጊዝ ቻንዳር ይገኙበታል። ቢራንድ ከጋዜጣው ተባረረ። የሰብዓዊ መብት ማህበሩ ሊቀመንበር አኪን ቢርዳልም በዚያው ዘመቻ ስሙ ሲብጠለጠል ነበር። በግንቦት ወር ታጣቂዎች አንካራ ያለው ቢሮው ድረስ ገብተው በጥይት ደበደቡት፤ ቀኑ አልደረሰምና ተረፈ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጉዱ ወጣ። "አንድች" በሚባለው የጦር ሀይሉ ጠቅላይ መምሪያ ማስታወሻ ላይ የእነዚህ ሰዎች ስም በምን መንገድ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ታቅዶ ተገኘ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ጠዋት ሁለቱንም ጋዜጦች የገዛ የአንካራ ሰው ሁለት ምስክር ያገኘ መስሎታል። ምንጩ ግን አንድ ቢሮ ነበር። እኛ በመድረሳ "ሙተዋቲር" የምንለው ብዙ ሰዎች በየራሳቸው መንገድ የሰሙትን፣ በውሸት ሊመሳጠሩበት የማይቻለውን ወሬ ነው። አንድ ሰው ለመቶ ሰው ነግሮ መቶው ቢደግመው ግን ያው የአንድ ሰው ወሬ ነው። በቴሌቪዥን የታየው በሬዲዮ ሲደገም፣ በጋዜጣ ሲታተም፣ ከዚያም በየስብሰባው "ሁሉም እንደሚያውቀው" ተብሎ ሲነሳ ሰዉ ብዙ ምስክር የሰማ ይመስለዋል። የእኛ የለቅሶ ቤቱ አባትም የተሸወዱት በዚህ ነው።

የአንድቹ ነገር ድንገት የመጣ አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ከተካሄደው የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤት ስብሰባ በኋላ ጄኔራሎቹ ጋዜጠኞችንና ዳኞችን ወደ ጦር መምሪያው እየጠሩ ስለ "አክራሪነት አደጋ" ገለጻ ይሰጡ ነበር። ጋዜጦቹ የተነገራቸውን ይዘው ወጡ። በሰኔ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርባካን ስልጣን ለቀቁ። ሂጃብ የለበሱ እህቶች ከዩኒቨርሲቲ በር ተመለሱ። ይህን ሲሰማ ልጆቻችን ዓይናቸው በራ፤ "የእኛው ታሪክ!" አሉ። አዎ፣ እስከዚህ ድረስ የእኛው ታሪክ ይመስላል።

ቀጥሎ ያለውን ግን መስማት አልፈለጉም። እኛም ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

በ1997 የተገፉት ሰዎች እ.ኤ.አ በ2002 ምርጫ አሸንፈው መንግስት ሆኑ። ዲሴምበር 28 ቀን 2011 ማታ የቱርክ የጦር አውሮፕላኖች በኢራቅ ድንበር ሮቦስኪ በተባለ መንደር አጠገብ ነዳጅና ሲጋራ በበቅሎ ጭነው ሲመለሱ የነበሩ የመንደሩን ሰዎች ደበደቡ። 34 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም ኩርዶች፣ እንደ እኛው ሰጋጆች። ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሌሊቱን ሙሉ ዝም አሉ፤ የጦሩ መግለጫ እስኪመጣ ጠበቁ። ሰዉ ወሬውን የሰማው ሬሳ በበቅሎና በብርድ ልብስ ሲወርድ ያዩ ሰዎች በማህበራዊ ድረ ገጽ ካሰራጩት ነው። የዓይን ምስክር በቦታው ቆሞ እያለ ጣቢያው የቢሮ ወረቀት ጠበቀ። በ2012 መጨረሻ ደግሞ ለጋዜጠኞች የሚሟገተው ሲፒጄ የታሰሩ ጋዜጠኞችን ሲቆጥር ከዓለም አንደኛ የሆነችው ቱርክ ነበረች፤ 49 ሰው። አብዛኞቹ ኩርዶች ሲሆኑ ክሳቸውም ሽብር ነበር። እኛ የ"የሙስሊሞች ጉዳይ" መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው ታሰረብን ብለን ስንጮህ የነበርን ሰዎች ይህን ቁጥር ሰምተን ዝም ማለት ከበደን። በግንቦት 2005 በሬይሃንሊ ከተማ ቦምብ ፈንድቶ ከ50 በላይ ሰው ሲሞት ፍርድ ቤት ስለ ፍንዳታው ዘገባ እንዳይወጣ አገደ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኢስታንቡል በአስለቃሽ ጭስ ስትታፈን አንድ የዜና ጣቢያ ስለ ፔንግዊን ወፍ ፊልም ያሳይ ነበር። (ይህን እንግዳችን ሲነግረን የሳቅነው ሳቅ ደስ አይልም፤ የእኛም ጣቢያ ጁሙዓ ጁሙዓ ስለ አዝመራ እንደሚያሳየን አስታወሰን።)

በውጪ ጉዳይም ነገሩ ያው ነው። ሩቅ ሳንሄድ ሶማሊያን እንውሰድ። እ.ኤ.አ ኦገስት 2011 በረሀቡ ወቅት ኤርዶጋን ከቤተሰባቸውና ከሚኒስትሮቻቸው ጋር ሞቃዲሾ ገቡ። የቱርክ ጋዜጦች ስለ እርዳታ፣ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ ወንድማማችነት ጻፉ። ያችው ሞቃዲሾ በእኛ አገር ጋዜጦች የአልሸባብ ዋሻ ብቻ ነበረች፤ ጦራችን በ1999 ከገባ ጀምሮ ሌላ መልክ አልነበራትም። ሁለቱም የጻፉት ውሸት ነው አንልም። ረሀቡም ነበር፤ አልሸባብም አለ፤ በመስከረም 2006 ናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ውስጥ ንጹሃንን የፈጀው እርሱ ነው፤ ስራውም ሐራም ነው። ነገር ግን በሞቃዲሾ ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት በአንዱ ጋዜጣ ተመጽዋች፣ በሌላው ተጠርጣሪ ሆና ትቀራለች። እርሷን "አንቺስ ምን አየሽ?" ብሎ የጠየቀ የለም። በሐምሌ 2005 የቱርክ ኤምባሲ ሰራተኞች ያሉበት ህንጻ ሞቃዲሾ ላይ በቦምብ ሲጠቃ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ወንድማማችነት ብቻ ሲያነብ የከረመ የቱርክ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

የቱርክ ጋዜጣ ቢጽፍልን እንወዳለን፤ ማንም ቢጽፍልን እንወዳለን። ግን የሚጽፍልን የእርሱ መንግስት ጉዳይ ከእኛ ጉዳይ ጋር እስከተስማማ ድረስ ነው። በነሐሴ 2005 ስለ ራቢዓ አደባባይ ሰማዕታት አራት ጣት አንስተው የጻፉ ጋዜጦች አሉ፤ ጥሩ አደረጉ። ከነሱ ውስጥ ስለ ሮቦስኪ እናቶች ያንኑ ያህል የጻፈ ስንቱ ነው? አገራችን ውስጥ የቱርክ ፋብሪካዎች አሉ፤ ነገ በእኛ ጉዳይ ዝም ማለት የሚጠቅም ከሆነ ዝም ይላሉ። ጋዜጣ የማን እንደሆነ ማወቅ አይበቃም። ጥያቄው ከመድገሙ በፊት ጠይቆ ነበር ወይ ነው።

የራሳችንን ቤት ሳንጠርግ ብናልፍ ግን ይህን ሁሉ መጻፋችን ነውር ይሆናል። በ2004 ክረምት በበርማ ሮሂንጋ ወንድሞቻችን ሲታረዱ አንድ ፎቶ በሞባይል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እኛም ዘንድ ደረሰ፤ ቀይ ካባ የለበሱ መነኮሳት በተደረደረ ሬሳ መሀል ቆመዋል። መስጊድ ውስጥ የተላቀሰበት ፎቶ ነው። ያ ፎቶ እ.ኤ.አ በ2010 በቻይና ዩሹ በተባለ የቲቤቶች አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ የገደላቸው ሰዎች ፎቶ ነበር፤ መነኮሳቱ ሬሳ ሊያነሱ የመጡ ናቸው። የሮሂንጋ ግፍ እውነት ነው፤ ለእውነቱ የሀሰት ራዊ ሰጠነው። ፎቶውን ከላኩት ውስጥ እኛም አለንበት። ስለ ዜና ማጣራት የሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛዋን አያ የምናስቀራ ሰዎች፣ በዚያ ቀን ጣታችን ከዓይናችን ቀደመ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ትልልቆቹ ልጆች አንድ አንድ ዜና ይዘው እንዲመጡ አድርገናል። ከአዲስ ዘመንም ይሁን ከሬዲዮ፣ ከፌስቡክም ይሁን ከየትም። ሰሌዳው ላይ እንደ ሐዲስ ኢስናዱን ይስላሉ፦ ማን አየ፣ ማን ሰማ፣ ማን አስተላለፈ፣ የቱ ጋ ተቆረጠ። "ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ የጸጥታ ምንጮች" ሲመጣ ሙብሀም ብለው ያሰምሩበታል። ከሳሽ ራሱ ምስክር ሆኖ ሲመጣም ምልክት ያደርጉበታል። ክርክሩ አንዳንዴ እስከ መግሪብ አዛን ይደርሳል።

ባለፈው ሐሙስ አንዱ ልጅ የዚህችኑ ጽሁፍ የቀደመ እትም ይዞ መጣ። "ታማኝ ምንጮቻችን እንደገለጹልን" የሚለውን አራት ቦታ አግኝቶ በቀይ እስክርቢቶ አስምሮበታል። ስም ብንጠራ የሚታሰር ሰው እንዳለ ነገርነው። ትንሽ አሰበና "እሺ ኡስታዝ፣ ስሙን አትጻፉ፤ በቦታው እንደነበረና በዓይኑ እንዳየ ወይም ከሌላ እንደሰማ ግን ለምን አትጽፉም?" አለን። ወረቀቱን ከነቀዩ መስመር ለአዘጋጆቹ ልከነዋል።