ለባለውለታው ውሻ ከሜዳሊያ በፊት ክትባት

ዲዝል የተሰኘችው የፈረንሳይ ፖሊስ ውሻ ኅዳር 8 ቀን 2008 ዓ.ም በፓሪስ አቅራቢያ ሽብርተኞች ወደተሸሸጉበት ቤት ለቅኝት ተልካ ሕይወቷ አለፈ። ሕዝብ አዘነላት፤ የብሪታኒያው ዲኪን ሜዳሊያም ተሸለመች።

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” እንዲሉ፣ በጨነቅ ዙሪያም ጅብን ከበረት፣ ጭላዳን ከገብስ ማሳ የሚመልሰው ውሻ የቤተሰቡ ባለውለታ ነው። ይሁን እንጂ ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ለእረኛው ልጅ፣ ለከብቱና በዓለም ላይ ቁጥራቸው ከ500 ገደማ ለማይበልጠው ቀይ ቀበሮዎች ሊያስተላልፍ ይችላል። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ ክትባቱን እስከ ሩቅ ቀበሌ ማድረስ የመንግሥት፣ ውሻውን አስሮ ማቅረብ ደግሞ የባለቤቱ ድርሻ ነው።