ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት መመርመር ያለበት ሥጋት

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት የሚሄድ ተገልጋይ የፋይዳ ቁጥሩን መጠየቁ የተለመደ ሆኗል። ለፋይዳ ሲመዘገብ የሰጠው ሙሉ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ ጾታውንና አድራሻውን ብቻ አይደለም፤ የአሥር ጣቶቹ አሻራ፣ የዓይኖቹ አይሪስና የፊቱ ምስልም ተወስደዋል። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ግን አይቀየርም። ስለሆነም አዲስ ሥርዓት የሚዘረጋ ተቋም በዜጎች ግላዊነት ላይ ሊደርስ የሚችለውን ሥጋት መገምገም ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለዚህ ግምገማ የሚደነግግ ሲሆን፣ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል።

ጉዳዩ የወረቀት ሥራ ብቻ አለመሆኑን የጎረቤት ኬንያ ተሞክሮ ያሳያል። «ሁዱማ ናምባ» የተሰኘው የመታወቂያ ምዝገባ የተካሄደው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዳታ ጥበቃ ሕጉ የወጣው ከዚያ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ነበር። ይሁንና የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የካርድ ሥርጭቱ ያለ ግምገማ በመጀመሩ ሕጋዊ አይደለም ሲል ወስኗል፤ መንግሥትም ግምገማውን አስቀድሞ እንዲያካሂድ አዝዟል።

ግምገማ ሲባል ትኩረቱ ብዙውን ጊዜ በሰርቨርና በሶፍትዌር ላይ ያርፋል። ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ግን ይረሳል። ተገልጋዩ የመታወቂያውን ምስል በቴሌግራም ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ይልካል፣ አሳትሞም ይሄዳል፤ ፋይሉ እዚያው ይቀራል። ጥፋቱ የባለሱቁ ነው ማለት ያስቸግራል። መሥሪያ ቤቱ በቁጥር ብቻ ማረጋገጥ እየቻለ «ኮፒ ይዘህ ና» ባይል ኖሮ ፋይሉ ከመጀመሪያውም እዚያ ባልደረሰ ነበር። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የገባ ነጋዴም ቢሆን በዓሉ ሳያልፍ ጉዳዩን ለመጨረስ ሲቸኩል ሰነዱን ለጉዳይ አስፈጻሚ ትቶ ሊመለስ ይችላል። ኮፒው ለምን አስፈለገ? ማን ያየዋል? በፋይል ሣጥን ውስጥስ እስከ መቼ ይቆያል? የግምገማው ዋና ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ተገልጋዮችም መረጃቸው ለምን ዓላማ እንደሚውል የመጠየቅ መብት አላቸው። ከባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ይልቅ በካርዱ ላይ የሚገኘውን ባለ 16 አኃዝ ተለዋጭ ቁጥር እንዲሰጡ፣ ካሳተሙ በኋላም ፋይሉ ከሱቁ ኮምፒውተርና ከቴሌግራሙ መጥፋቱን ቆመው እንዲያረጋግጡ ይመከራል።