ዝምታ የጤንነት ማስረጃ አይደለም፦ የቤዝመንት ውኃ ማውጫ ፓምፕን በስማርት መሣሪያ ስለመከታተል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ወደ አሜሪካ በተጓዝሁበት ወቅት በሜሪላንድ ግዛት በሚኖረው የአጎቴ ልጅ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። ቤቱ፣ እንደ አካባቢው ብዙ ቤቶች፣ ከምድር በታች ያለ ወለል፣ በተለምዶ ቤዝመንት የምንለው፣ አለው። በወለሉ አንድ ማዕዘን ክዳን ያለው ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ በጉድጓዱም ውስጥ ከመሠረቱ ዙሪያ የሚሰርገውን ውኃ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ተቀምጧል። የአጎቴ ልጅ የጉድጓዱን የውኃ ከፍታ በስልኩ የሚያሳየው መከታተያ ገጥሞለት ስለነበር ስለ ፓምፑ ማሰብ ትቶ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ምሽት ከከተማው ማዶ ሠርግ ላይ ሳለን ነጎድጓድ የቀላቀለ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። እርሱም በየመሐሉ ስልኩን እያወጣ ይመለከት ነበር፤ ስልኩም «መደበኛ» ይላል። ቤት ስንደርስ ሠፈሩ በሙሉ ጨለማ ነበር። በቤዝመንቱ ውኃው ቁርጭምጭሚት ደርሶ፣ ከኢትዮጵያ ይዘዋቸው የሄዱ የቤተሰብ ፎቶግራፎች የነበሩበት ካርቶን ተንሳፎ አገኘነው። መተግበሪያው ግን አሁንም «መደበኛ» ይል ነበር። ሲያሳየን ያመሸው መብራት ከመጥፋቱ በፊት የደረሰውን የመጨረሻ ንባብ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። የመከታተያ መሣሪያ ዋጋ የሚለካው ሁሉ ነገር ሲሠራ በሚሰጠው ንባብ ትክክለኛነት ሳይሆን፣ የሚከታተለው ነገር ሲበላሽ እርሱ ራሱ በሕይወት መኖሩን ለማስታወቅ ባለው ችሎታ ነው። ይህን ያላሟላ መሣሪያ ምንም መሣሪያ ካለመኖሩ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱን ከጥንቃቄ ያዘናጋዋልና።

አንድ መንስኤ፣ ሁለት ብልሽት

የፓምፑ አሠራር ቀላል ነው። ውኃው በጉድጓዱ ውስጥ ከፍ ሲል ተንሳፋፊ ማብሪያ አብሮ ከፍ ይልና ሞተሩን ያስነሣል፤ ውኃው ዝቅ ሲል ያጠፋዋል። በማስወጫ ቱቦው ላይ የተገጠመ ቫልቭ ደግሞ የተገፋው ውኃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ ያግዳል። ለአንድ መኖሪያ ቤት 1/3 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 250 ዋት ገደማ የሆነ ሞተር የተለመደ ነው።

ችግሩ ፓምፑ፣ መከታተያው እና የዋይፋይ ራውተሩ ኃይል የሚያገኙት ከአንድ መስመር መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ፣ በትላልቅ ዛፎች መሐል በሚያልፍበት ሠፈር፣ ውኃውን ወደ ጉድጓዱ የሚያመጣው ዝናብና ዛፉን በሽቦው ላይ የሚጥለው ነፋስ የአንድ ማዕበል ሁለት እጆች ናቸው። ስለዚህ ፓምፑ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቆማል፤ መከታተያውም ወሬ ነጋሪ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይደነቁራል።

የአስተማማኝነት ምሕንድስና ይህን የጋራ መንስኤ ያለው ብልሽት ይለዋል። አንድ ተመራማሪ ፓምፑ የሚበላሽበት ዕድል ከመቶ አንድ፣ መከታተያውም የሚበላሽበት ዕድል ከመቶ አንድ ነው ብሎ፣ ሁለቱ አብረው የሚበላሹበት ዕድል ከ10,000 አንድ ነው ቢል ስሌቱ የሚሠራው ብልሽቶቹ የማይገናኙ ከሆኑ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያቆመው አንድ የኃይል መቋረጥ ከሆነ ግን ማባዛቱ ትርጉም የለውም፤ ዕድሉ እዚያው ከመቶ አንድ አጠገብ ይቀራል።

በከተሞቻችን የሌሊት ዘበኛ በየተወሰነ ጊዜ ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካው ሌባ መጣ ማለት አይደለም፤ ነቅቻለሁ ማለት ነው። ሌባ ሲያይ ብቻ የሚነፋ ዘበኛ ቢኖር፣ ጸጥ ባለ ጊዜ ሰላም መሆኑን ወይም ዘበኛው መተኛቱን የምናውቅበት መንገድ የለንም። አብዛኞቹ ርካሽ የቤት መከታተያዎች ይህን ሁለተኛውን ዘበኛ ይመስላሉ። መፍትሔው መሣሪያው በየጥቂት ደቂቃው «አለሁ» የሚል አጭር ምልክት እንዲልክ፣ የምልክቱንም መቅረት ከቤቱ ውጭ ያለ ሌላ አካል እንዲጠብቅና እንዲያስታውቅ ማድረግ ነው። የሞተ መሣሪያ ሞቴን ስሙልኝ ሊል አይችልምና፣ የመቅረቱን ወሬ መናገር ያለበት ሩቅ ያለው ወገን ነው።

ምን ያህል ጊዜ አለን?

ምልክቱ በየስንት ደቂቃው ይላክ የሚለው ጥያቄ በዘፈቀደ የሚመለስ አይደለም፤ ከጉድጓዱ ስፋት ይሰላል። የጉድጓዱ ወርድ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የአግድም ስፋቱ 0.16 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ፓምፑ በሚነሣበትና በሚቆምበት ከፍታ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቢኖር በእያንዳንዱ ዙር 32 ሊትር ያህል ይወጣል። ፓምፑ ከቆመ ጀምሮ ዳግም እስኪነሣ 10 ደቂቃ ከፈጀ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ውኃ በደቂቃ 3.2 ሊትር ነው ማለት ነው።

አሁን ፓምፑ ሊነሣ ሲገባው ቆሞ ቀረ እንበል። ከመነሻው ከፍታ እስከ ቤዝመንቱ ወለል 40 ሳንቲ ሜትር ቢቀር ጉድጓዱ የሚይዘው ተጨማሪ ውኃ 64 ሊትር ነው፤ በዚህ ፍጥነት 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ዝናቡ በርትቶ የሚገባው ውኃ በደቂቃ 20 ሊትር ቢደርስ ግን የሚቀረን ጊዜ ከ3 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ «አለሁ» የሚለው ምልክት በየሰዓቱ የሚላክ ከሆነ ለዚህ ቤት ፋይዳ የለውም። በየ5 ደቂቃው ተልኮ ሁለቱ በተከታታይ ሲቀሩ ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ ግን ቤት ላለ ሰው 10 ደቂቃ ያህል ይተርፈዋል። ሁለተኛ፣ በብርቱ ዝናብ ከብልሽት በኋላ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ፣ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ሩቅ ላለ ሰው ይዘገያል። ስለዚህ የስማርት መሣሪያ እውነተኛ ጥቅም ከአደጋው በፊት ባሉት ሳምንታት የሚታየውን የፓምፑን መድከም ማሳየት ላይ ነው።

ጊዜ ምን ያህል ሊያጥር እንደሚችል ኒውዮርክ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 የአይዳ ማዕበል ቅሪት ከተማዋን ሲመታ በሴንትራል ፓርክ በአንድ ሰዓት ውስጥ 80 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ፤ በከተማዋ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ በቤዝመንት መኖሪያዎች የነበሩ ናቸው። ያን ጎርፍ የቤት ፓምፕ ይመክተው ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከምድር በታች ለሚያድር ሰው የደቂቃዎች ጉዳይ የንብረት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ያስታውሰናል።

ሁለት ምስክሮች

መድከምን አስቀድሞ ለማወቅ አንድ ሴንሰር አይበቃም። የውኃውን ከፍታ ብቻ የሚለካ መሣሪያ ውኃው ከፍ ማለቱን ይነግረናል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። የሞተሩን የኤሌክትሪክ ፍሰት ብቻ የሚለካውም ሞተሩ መዞሩን እንጂ ውኃ መግፋቱን አያውቅም። ሁለቱ አብረው ሲመሰክሩ ግን ነገሩ ይጠራል። ከፍታው ጨምሮ ፍሰት ከሌለ ጥፋቱ የማብሪያው ወይም የኃይሉ ነው። ፍሰት ኖሮ ከፍታው ካልቀነሰ ቱቦው ተዘግቷል፣ አለዚያም የፓምፑ ክንፍ ተይዟል ወይም ተሰብሯል። በዝናብ ወቅት ከፍታው ጨርሶ ካልተነቃነቀ ደግሞ ሴንሰሩ ራሱ ሊጠረጠር ይገባል፤ በድምፅ ሞገድ የሚለኩ ርካሽ ሴንሰሮች በእርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ጤዛ ሲይዛቸው ይሳሳታሉ።

የቫልቩ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። የማስወጫው ቱቦ የውስጥ ወርድ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ላይ የሚወጣበት ርዝመት 3 ሜትር ቢሆን 3.8 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ቫልቩ ሲበላሽ ይህ ውኃ ፓምፑ በቆመ ቁጥር ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ከፍታውም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ 2.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘላል። ፓምፑ ከእያንዳንዱ 32 ሊትር 12 በመቶ የሚሆነውን ደግሞ ደጋግሞ ለመግፋት ይገደዳል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ይህን ትንሽ ዝላይ የሰው ዓይን ክዳኑን ከፍቶ አያየውም፤ በየሰከንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ ግን ከማዕበሉ ወር ቀድሞ ያሳየዋል።

ጠባቂው በር ላይ አይቁም

በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው መፍትሔ ፓምፑን በስማርት ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ይህን አልደግፍም። ሞተር ሲነሣ ለአፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሚሆን ፍሰት ይስባል፤ የሶኬቱ ማብሪያም ለዚህ ላይሠራ ይችላል። አንዳንድ ሶኬቶች ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠፍተው ይቀራሉ። እንዲህ ከሆነ እንዲጠብቅ የቆመው መሣሪያ የውኃው አጋር ሆነ ማለት ነው። ሽቦውን ሳይቆርጥ ከውጭ አቅፎ ፍሰቱን የሚለካ ሴንሰር ቢበላሽ ፓምፑ ሥራውን ይቀጥላል፤ ምርጫዬም ይኸው ነው።

በሩቅ ሰርቨር ላይ ሙሉ በሙሉ መደገፍም ተመሳሳይ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ አገልግሎቱ ሲዘጋ መሣሪያው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ በ2022 ደግሞ የኢንስቲዮን ሰርቨሮች በድንገት ጠፍተው ደንበኞቹ ተቸግረው ነበር። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ የሚጮኸው ደወል ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት።

ታዲያ በባትሪ የሚሠራ ተራ ደወል ከበቃ ስማርቱ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እኔም ደወሉን እመርጣለሁ። ሆኖም ደወሉ የሚሰማው ቤት ላለ ሰው ብቻ ነው፤ የቫልቩን መድከምም አይነግርም። ስማርት መሣሪያ ሊጨመር የሚገባው በደወሉ ላይ ነው እንጂ በደወሉ ምትክ አይደለም።

ለእኛ ምርምር ምን ይጠቅማል?

ነገሩ የአሜሪካ ቤቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ከምድር በታች ወለል የሚቆፈርላቸው ሕንፃዎች በርክተዋል፤ በእነዚህም ውስጥ ክረምት ሲገባ ሌት ተቀን የሚሠሩ የውኃ ማውጫ ፓምፖች አሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከላይ ያነሣሁት የጋራ መንስኤ ይበልጥ ይከብዳል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ወይም ጄኔሬተሩ እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ከተተከለ ደግሞ ውኃው የራሱን ማቆሚያ ቀድሞ ያጠፋል።

በድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎቻችን በማይክሮኮንትሮለር የሚሠራ የውኃ መጠን መከታተያ የተለመደ የመመረቂያ ርዕስ ነው። ባየኋቸው ሥራዎች ላይ ግን ሙከራው የሚደረገው በጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ባልዲ፣ መብራትና ኢንተርኔት ባለበት ክፍል ነው። የሚቀርበውም ሠንጠረዥ መሣሪያው ከማስመሪያው በስንት ሚሊ ሜትር እንደተለየ ያሳያል። ይህ መለካት ያለበት ቢሆንም ዋናው ጥያቄ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ተማሪው መብራቱን አጥፍቶ፣ ኢንተርኔቱን አቋርጦ፣ የሴንሰሩንም ሽቦ ነቅሎ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከብልሽቱ እስከ ባለቤቱ ማወቅ ያለፈውን ጊዜ ይመዝግብ። ይህን ጊዜ ከጉድጓዱ መሙያ ጊዜ ጋር ያነጻጽር። በስክሪን ላይ የሚታይ ማንኛውም ንባብ የተወሰደበት ሰዓት አብሮት ይታይ፤ ሰዓቱ ያለፈበት ንባብ «መደበኛ» ተብሎ አይቅረብ። ሦስቱም ትልቅ በጀት አይጠይቁም። ሲም ካርድ የሚቀበል ሞጁልና አነስተኛ ባትሪ ከራውተሩ ውጭ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለመላክ ይበቃሉ።

የአጎቴ ልጅ ከዚያ ምሽት በኋላ በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕና ራሱን የቻለ ደወል አስገጥሟል። ስልኩ ላይ አሁን «መደበኛ» የሚለው ቃል የለም፤ «የመጨረሻው መልእክት የደረሰው ከ3 ደቂቃ በፊት» ይላል። ፎቶግራፎቹ ግን አልተመለሱም። እኛ ፈታኞች በመጪው የመመረቂያ ወቅት የመከታተያ መሣሪያ ይዞ ለሚቀርብልን ተማሪ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ሶኬቱን ብንነቅለው ማን ያውቃል?» የሚል ይሁን።