ደም የሚያረጋው ክትባቱ ነው ወይስ በሽታው?

በደንዲ ወረዳ በጊንጪም ሆነ በአምቦ «የኮቪድ ክትባት ደም ያረጋል ይባላል፤ እውነት ነውን?» የሚል ጥያቄ ዛሬም ይቀርብልናል። ወሬውን ሰምተው የልጆቻቸውን ክትባት ለማስቀረት የሚያስቡ ወላጆች ስላሉ ቁርጡን መናገር ይገባል።

አዎን፣ በጥቂቶች ላይ ደርሷል። አገራችን የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት ተረክባ መጋቢት 4 መስጠት ጀመረች። በዚያው ሰሞን በአውሮፓ ጥቂት ተከታቢዎች ደማቸው እንደረጋ ተሰማ። በብሪታኒያ ጉዳቱ የታየው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ 50 ሺህ ያህል ተከታቢዎች በአንዱ ላይ ነበር።

ምክንያቱስ? በደማችን ውስጥ ስንቆስል ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። በእነዚያ ጥቂት ሰዎች የሰውነት መከላከያ ከፕላትሌት የሚወጣውን አንድ ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ተነሣበት። ያን ጊዜ ቁስል ሳይኖር ደም በአንጎልና በሆድ የደም ሥሮች ይረጋል፤ ፕላትሌትም ያንሳል። ክትባቱ የተሠራው ከጉንፋን አምጪዎች ወገን በሆነው በአዴኖቫይረስ ተሸካሚነት ነው። ክትባት ሳይወስዱ በአዴኖቫይረስ የታመሙ ጥቂት ሰዎችም ይኸው ችግር እንደ ደረሰባቸው ሐኪሞች በ2023 እ.ኤ.አ. ገልጸዋል።

ይሁን እንጂ የጊንጪ ጤፍ ነጋዴ በአንድ ሰሐን ብቻ አይመዝንም። ኮቪድ ራሱ የደም ሥርን ግድግዳ አስቆጥቶ ደም ያረጋል። በእንግሊዝ ከ29 ሚሊዮን በላይ ተከታቢዎችን የተመለከተ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ደም የመርጋት አደጋው ከክትባቱ ይልቅ ከበሽታው በኋላ እጅግ የበዛና ረዘም ላለ ጊዜም የሚቆይ ነበር። ወሬው ግን የክትባቱን ሰሐን ብቻ ያሳየናል።

የአስትራዜኔካ ክትባት በ2024 እ.ኤ.አ. በአምራቹ ከገበያ ወጥቷል። ልጆቻችን በጤና ጣቢያ የሚወስዷቸው የኩፍኝ፣ የፖሊዮና ሌሎቹ መደበኛ ክትባቶች በአዴኖቫይረስ የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ ያ ወሬ ሕፃንን ከኩፍኝ ክትባት ለማስቀረት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከክትባትም ሆነ ከሕመም በኋላ የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ወይም የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር እብጠት ከታየ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድና የተወሰደውን ክትባት መንገር ነው። ልጅ በእጃችን ያለ አማና ነውና ስለ ጤናው ከገበያ ወሬ ይልቅ የጤና ባለሙያን እንጠይቅ። አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን።