«ተሻለኝ» ማለት «ላቁመው» ማለት አይደለም

ሐኪም አይደለሁም፣ አስተማሪ ነኝ። ግን የድሮ ተማሪዎቼ በኢንቦክስ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ አሁን ደህና ነኝ፤ ኪኒኑን ላቁመው?»

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ተስተካከለልኝ» ብሎ ቢያቆም ቤተሰቡ ይቆጣዋል። የአእምሮ ሕመም ሲሆን ግን ራሱ ቤተሰቡ «በቃህ፣ አደነዘዘህ፣ ሱስ ይሆንብሃል» ይላል። ደህና የሆነው እኮ መድኃኒቱ ስለሠራ ነው! ሲያቆም ሕመሙ ያገረሻል፤ ያኔ ደግሞ «መድኃኒቱ አልረባውም» እንላለን።

የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በ5ኛው ቀን የሚጥለው ግን ብዙ ነው። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ 6 ወር መቀጠል ይመከራል። ሱስ የሚያሰጋው እንደ ዳያዜፓም ባሉት ማረጋጊያዎች ነው፤ እነሱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኩ። ለረጅም ጊዜ ከወሰዳችሁም በድንገት አታቁሙ።

ጣጣ የለውም አልልም። ሃሎፔሪዶል ሰውነት ያገትራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ኦላንዛፒን ያወፍራል። ሊቲየም የደም ምርመራ ይፈልጋል። ቫልፕሮት ጽንስ ይጎዳል፤ ስለዚህ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ይሄ ሁሉ ግን ለሐኪም የሚነገር እንጂ ኪኒን የሚያስጥል አይደለም። መጠኑን ይቀንሳል፣ ይቀይራል፣ መገታተሩን የሚያስታግስ ይጨምራል። ዝም ካላችሁት ግን ምን ያድርግ?

ስለ ጸበል ደግሞ፦ እኔም እጠመቃለሁ። ግን «ጸበል ከገባህ ኪኒን አትንካ» የሚለውን አልቀበልም። አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናግረው ነበር። የአእምሮ መድኃኒት በምን ይለያል? የምትጾሙም ብትሆኑ ሰዓቱን ስለማዛወር ሐኪም ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትዝለሉ።

በኔ እይታ ከሁሉም የከፋው እፍረቱ ነው። «አማኑኤል» የሚለውን የሆስፒታል ስም ስድብ አድርገነዋል። በቀልድ «ዛሬ ኪኒንህን አልወሰድክም እንዴ?» እንባባላለን። እዚያው አጠገባችን ተቀምጦ ኪኒኑን በኪሱ የደበቀ ሰው ይሰማል። ነገ በሰው ፊት ላለመዋጥ ሲል ይዘለዋል።

ስለዚህ ቀልዱ ይቅርብን። ቤታችሁ የሚታከም ሰው ካለ የቀጠሮውን ቀን አስታውሱት፣ ከተቻለም አብራችሁት ሂዱ። ኪኒኑ ሊያልቅ ሲል ቀድማችሁ ግዙለት። ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉት።