ቀላል ጉዳት፣ ከባድ ጣጣ፦ የመኪና አደጋ ካሳ በጁባ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ መኪና የገጨው ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ወይም አንገቱ ተጎድቶ በሕይወት ሲተርፍ፣ ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል ምስጋና ነው። ነፍሱ ተርፋለችና ምስጋናው ተገቢ ነው። ከምስጋናው በኋላ ግን ጥያቄ ይከተላል። የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍናል? ሥራ ሳይሠራ ለተቀመጠባቸው ሳምንታት ማን ይተካለታል? ገጪውስ ከፍሎ ነፃ የሚወጣው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2023 ይፋ ያደረገው ዘገባ እንደሚያሳየው፣ በ2021 በመላው ዓለም 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከሟቾቹ ከመቶ 92ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአደጋ ተጎድተው የሚተርፉት ደግሞ በየዓመቱ ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ድርጅቱ ይገምታል። ዜና የሚሆነው የሟቾቹ ቁጥር ነው። የካሳን ሥርዓት በየቀኑ የሚፈትኑት ግን የተጎዱት ናቸው። በጁባ ይህ ፈተና ከበድ ይላል፤ ምክንያቱም በከተማይቱ በአንድ አደጋ ላይ ሦስት የካሳ መንገዶች ይገናኛሉ፦ ባህሉ፣ ፍርድ ቤቱና መድኑ።

መንገዱና መሪው

ደቡብ ሱዳን እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በመንገድ ቀኝ የሚነዳባት አገር ናት። ሱዳን ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው እ.አ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ደቡብ ሱዳን በ2011 ነፃነቷን ስታውጅ ይህንኑ ወርሳ ቀጥላለች። ዕቃዋና መኪናዋ በአብዛኛው የሚገባባቸው ኡጋንዳና ኬንያ ግን በግራ ይነዳሉ። ስለዚህ በጁባ ጎዳናዎች መሪያቸው በስተቀኝ የሆነ መኪኖች ብዙ ናቸው። የእነዚህ መኪኖች ሾፌር ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ቀድሞ ለማለፍ ሲሞክር ከፊት ለፊት የሚመጣውን በወጉ አያይም።

ጁባን ከኡጋንዳ ድንበር የሚያገናኘው የ192 ኪሎ ሜትሩ የኒሙሌ መንገድ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2012 ሲመረቅ የአገሪቱ የመጀመሪያ አስፋልት አውራ ጎዳና ነበር። አስፋልቱ ፍጥነትን ይዞ መጣ። በከተማው ውስጥ ደግሞ በኮኞ ኮኞ ገበያና በጉዴሌ ሠፈር መንገዱን የሚጋሩት እግረኛው፣ ቦዳ ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ የውኃ ቦቴውና የዕርዳታ ድርጅቶች ባለ አራት ጎማ መኪና ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሙሉ የመድን ሽፋን ይኖረዋል ተብሎ የሚጠበቀው የመጨረሻው ነው። በአደጋ ግን በብዛት የሚጎዱት የቀሩት ናቸው።

ፎርም ስምንት

አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ሰነድ የሚጻፈው በፖሊስ ጣቢያ ነው። ከሱዳን ዘመን የተወረሰው «ፎርም 8» የሚባለው የፖሊስ ቅጽ ጉዳት የደረሰበት ሰው ስለ ጉዳቱ የሐኪም ማረጋገጫ የሚያገኝበት ወረቀት ነው። ቅጹ ካልቀረበ ሕክምና አንሰጥም የሚሉ ጤና ተቋማት መኖራቸው ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግብ ቆይቷል። አስቸኳይ ሕክምና ለማግኘት ቅጹ ቅድመ ሁኔታ መሆን እንደሌለበት ቢነገርም ልማዱ በቀላሉ አልጠፋም።

ለካሳ ጥያቄ ግን ፎርም 8 መሠረት ነው። ጉዳቱ በዚያ ቀን፣ በዚያ አደጋ መድረሱን የሚያረጋግጠው እርሱ ነው። ቀላል ጉዳት የደረሰበት ሰው በአብዛኛው ይህን ወረቀት ሳይዝ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያን ሰዓት አልታመመምና። የአንገትና የወገብ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ስሜቱ የሚጠነክረው በማግሥቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ሰውየው ሕመሙ አለው፣ ማስረጃው የለውም።

ፖሊስ ጣቢያ ቶሎ መድረስ ለሾፌሩም ይጠቅማል። አደጋ በደረሰበት ቦታ ሕዝብ ተሰብስቦ በሾፌር ላይ እጁን ሊያነሳ እንደሚችል የውጭ መንግሥታት ለዜጎቻቸው በሚያወጡት የጉዞ ምክር ያስጠነቅቃሉ። በዚህ ስጋት ምክንያት ምስክር ሳይመዘገብ፣ የመኪናው አቋም ሳይለካ፣ ፎቶግራፍ ሳይነሳ ሁሉም ይበተናል። ከወራት በኋላ ጠበቃውና መድን ሰጪው የሚከራከሩበት ማስረጃ በነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል።

በከብት የሚቆጠር ካሳ

የደቡብ ሱዳን ማኅበረሰቦች ካሳን የሚያውቁት የመድን ኩባንያ ከመምጣቱ እጅግ በፊት ነው። በዲንካ ባህል ለሰው ሕይወት የሚከፈለው ካሳ ወደ 30 ከብት ይጠጋል፤ በኑዌር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 50 ነው። ለአካል ጉዳትም እንደ ክብደቱ የሚታወቅ ልክ አለ። የ2009ኙ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች እውቅና ሰጥቷል። የ2008ቱ የወንጀል ሕግም በግድያ ወንጀል ሳይቀር የሟች የቅርብ ዘመዶች የደም ካሳ ከመረጡ ፍርድ ቤቱ በሞት ቅጣት ፈንታ ካሳና እስራት እንዲወስን ይፈቅዳል።

ጉማንና የደም ካሳ ሽምግልናን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይደለም። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፦ ዋናው ጥያቄ «አጥፊው አስቦ ነው ወይ?» ሳይሆን «የተሰበረው እንዴት ይጠገን?» የሚለው ነው። ስለዚህ የገጨ ሰው ሽማግሌ ይዞ የተጎዳውን ይጠይቃል፣ የሕክምና ገንዘብ ያስይዛል፣ ይቅርታ ይላል። ይህን ያላደረገ ሰው እንደ ናቀ ይቆጠራል።

የመድን ውል ግን የሚያዘው ተቃራኒውን ነው። በዓለም ዙሪያ በተለመደው የተሽከርካሪ መድን ውል መድን ገቢው ያለ መድን ሰጪው የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋቱን ማመን፣ ካሳ ለመክፈል ቃል መግባት ወይም መክፈል አይችልም። አደጋውን ወዲያው ማሳወቅም ግዴታው ነው። እንግዲህ አንድ ሾፌር በባህሉ መሠረት ወደ ተጎጂው ቤት ሄዶ ገንዘብ ቢሰጥ፣ መድን ሰጪው «ሳታማክረኝ ኃላፊነት ተቀብለሃል» ብሎ የከፈለውን ላይተካለት ይችላል። ውሉን አክብሮ ከቤቱ ቢቀር ደግሞ የተጎጂው ቤተሰብ ቁጣ ይጠብቀዋል። የጁባው ችግር እምብርት ይህ ነው፤ ሰብዓዊነቱ ውሉን ያስጥሰዋል፣ ውሉን ማክበሩም ከሰው ያጣላዋል።

ከዚህ አጣብቂኝ መውጫው ቀላል የሚመስል ጥንቃቄ ነው። ሾፌሩ ወይም የመኪናው ባለቤት ከማንኛውም ድርድር በፊት ለመድን ሰጪው ያሳውቃል። ለተጎጂው የሚሰጠው ገንዘብ ካለም በሰብዓዊነት የተሰጠ የሕክምና ድጋፍ እንጂ የጥፋተኝነት ማመኛ አለመሆኑ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ሽማግሌዎችም ይፈርሙበታል። ይህ ማንንም ከክርክር አያድንም፤ ግን ሁለቱን ሥርዓቶች ያነጋግራል።

ጠበቃው ሲገባ

በጁባ መድን የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ። ዩ.ኤ.ፒ.፣ ብሪታምና ሲ.አይ.ሲ.ን የመሳሰሉ መሠረታቸው ኬንያ የሆነ ድርጅቶች ወደ ከተማይቱ ገብተዋል። ከጁባ ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ የሆነው የኢኳቶሪያ ግንብም ስሙን የሚጋራው ከመድን ኩባንያ ጋር ነው። የሦስተኛ ወገን መድን መያዝ ግዴታ ቢሆንም፣ በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ ወረቀቱን ይዟል ማለት አይደለም። ወረቀቱ ቢኖርም ተጎጂው የኩባንያውን ስም ካላወቀ ጥያቄውን የሚያቀርብለት የለም።

ጠበቃ የማቆም ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን በቀላል ጉዳት ስሌቱ አይገጥምም። ለተሰበረ ክንድ ወይም ለአንገት ሕመም የሚገኘው ካሳ ትንሽ ነው። የጠበቃው ክፍያ፣ የፍርድ ቤቱ ዳኝነት፣ የትርጉም ወጪና የምልልሱ ጊዜ ሲደመሩ ካሳውን ሊውጡት ይችላሉ። ከነፃነት ወዲህ የመንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ በገበያና በፖሊስ ጣቢያ የሚሰማው ግን የጁባ ዓረብኛ ነው። ተጎጂው በአንዱ ቋንቋ የተናገረው በሌላው ተጽፎ ይጠብቀዋል።

መድን ሰጪው ይህን ስሌት ያውቃል። ስለዚህ ለቀላል ጉዳት ፈጣን ግን ዝቅተኛ ክፍያ ማቅረብ በየትኛውም አገር የታወቀ አሠራር ነው። ከክፍያው ጋር የሚመጣው ሰነድ «ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ነው። ሕክምናው ሳይጠናቀቅ፣ ሐኪሙ የጉዳቱን መጨረሻ ሳይናገር የፈረመ ሰው በኋላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው በሩ ተዘግቶበታል።

ጊዜ ገንዘብን ሲበላ

መጠበቅም የራሱ ዋጋ አለው። የደቡብ ሱዳን ባንክ በታኅሣሥ 2015 የፓውንዱን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ አንድ ዶላር ከ2 ነጥብ 96 ፓውንድ ወደ 18 ነጥብ 5 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ዘለለ። በዋዜማው 10 ሺህ ፓውንድ ካሳ የተወሰነለት ሰው በእጁ ከ3 ሺህ 300 ዶላር በላይ የሚያወጣ ገንዘብ ነበረው፤ በማግሥቱ ያው ገንዘብ ከ540 ዶላር አልበለጠም። ከዚያ ወዲህ ዶላር በሺዎች ፓውንድ መመንዘር ጀምሯል፤ ያው 10 ሺህ ፓውንድ ዛሬ 10 ዶላር እንኳ አይሞላም።

በ2017 ደግሞ የአገሪቱ ዳኞች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። የገንዘብ ዋጋ በሚወድቅበት አገር የፍርድ መዘግየት የሚጠቅመው ከፋዩን ነው። ብዙ ተጎጂዎች በፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ በሚደረግ ድርድር ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ተቀብለው የሚሄዱት ሕጉን ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የዛሬውን ትንሽ ከነገው ብዙ የሚመርጡበት በቂ ምክንያት አላቸው።

ጎረቤቶች ምን አደረጉ?

በኢትዮጵያ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ በመደበኛው 2 ዓመት ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዱ ሰዎች የመድን ፈንድ አዘጋጅቷል፤ እስከ 2 ሺህ ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምናም አካትቷል። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። በኡጋንዳ የ1989ኙ ሕግ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ተጎጂ 1 ሚሊዮን ሺሊንግ ሲሆን፣ የገንዘቡ አቅም በመውደቁ ሕጉ ሲተች ኖሯል። የኬንያው ጣሪያ 3 ሚሊዮን ሺሊንግ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በቁጥር የተጻፈ ጣሪያ በየጊዜው ካልታደሰ የዋጋ ንረት ባዶ ያደርገዋል።

ከሩቅም ሌላ አብነት አለ። በእንግሊዝና በዌልስ ከግንቦት 2021 ወዲህ የመኪና ተሳፋሪዎችና አሽከርካሪዎች የሚያቀርቡት ቀላል የአንገት ጉዳት ጥያቄ ያለ ጠበቃ በኢንተርኔት እንዲስተናገድ ተደርጓል። ካሳውም ሕመሙ በቆየበት ጊዜ ልክ በሠንጠረዥ ተወስኗል። የተቺዎቹ አቤቱታ ክፍያው አነሰ የሚል ነው። ሐሳቡ ግን ለጁባ ባዕድ አይደለም፤ በከብት የተሰላው የባህል ካሳም ቢሆን ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀው ሠንጠረዥ ነበር።

በጁባ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን

በጁባ ሆቴል ከሚያስተዳድሩትና የውኃ ቦቴ ከሚነዱት መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጥቂት አይደሉም። የውጭ ዜጋ የሆነ ሾፌር ሲገጭ ከጀርባው ዘመድና ሽማግሌ የለም ተብሎ ስለሚታሰብ ጉዳዩ ከካሳ ወደ እስር ሊያመራ ይችላል። ሲገጭበት ደግሞ የሚቆምለት አያገኝም። ከኢትዮጵያ የተገዛ መድን የኢትዮጵያን ድንበር ተሻግሮ ዋስ አይሆንም። ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ኡጋንዳ የሚጠቀሙበት የኮሜሳ ቢጫ ካርድም ቢሆን የሚሠራው በካርዱ ላይ ስማቸው በሰፈረ አገሮች ብቻ ነው፤ ካሳው የሚሰላውም አደጋው በደረሰበት አገር ሕግ ነው። ስለዚህ መኪናው ጁባ ውስጥ የተገዛ መድን ያለው መሆኑን፣ ሽፋኑም በፓውንድ ነው ወይስ በዶላር የሚለውን ሾፌሩ ቁልፉን ከመረከቡ በፊት ማረጋገጥ ይገባዋል።

ለከባድ አደጋ ጁባ የራሷ መልስ አላት። ሰው ሲሞት ጎሳው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌው ይጠራል፣ ፍርድ ቤቱም ይሰማል። ትልልቅ ድርጅቶችም ጠበቃና መድን አላቸው። በመካከል የሚወድቀው ክንዱ የተሰበረው የቦዳ ቦዳ ተሳፋሪ፣ ወገቡ የታመመው የገበያ ሻጭ፣ የከፈለውን የማያስመልሰው ሾፌር ነው። ጉዳታቸው ጎሳ ለመጥራት ያንሳል፤ ያለ ካሳ ለመኖር ግን ይበዛል። የመድን ሥርዓት የሚመዘነውም በእነዚህ ሰዎች ነው፤ ቀላል ጉዳት የደረሰበት ሰው ያለ ጠበቃ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ገንዘቡ ዋጋ ሳያጣ ካሳውን ማግኘት እስኪችል ድረስ፣ በጁባ የአደጋው ሂሳብ የሚዘጋው በተጎጂው ኪሳራ ይሆናል።