ጣሪያ ሲወጣ

ክረምት ሳይገባ ቤታችሁን በራሳችሁ ጉልበት ለምትከድኑ፦ የጣሪያውን ባለሦስት ማዕዘን ተሸካሚ መሬት ላይ ገጣጥማችሁ ምቱት፤ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ሚስማር መምታት ለምን? የመጀመሪያው ሲቆም ግራና ቀኝ በአጠና ይደገፍ። ሌሎቹ በሞራሌ ሳይያያዙ ድጋፉ ከተነቀለ ተከታትለው ይወድቃሉ።

አያቶች፣ መሰላሉን ለወጣቶቹ ተዉላቸው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካጎነበሰበት ቀና ሲል ሊያዞረው ይችላል። ከታች ሆኖ ልጆችን ማራቅም ሥራ ነው፤ እንዲያውም ዋናው።

ሰው ከወደቀስ? በነርስነት ዘመኔ ከጣሪያ የወደቀ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን አነሣው?» ብዬ ነበር። ደግ ጎረቤት ብብቱን ይዞ ያቆመዋል፤ የተጎዳ አከርካሪ ያኔ ይብስበታል። አንገቱና ወገቡ ሳይነቃነቅ ባለበት ይቆይ፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

ሚስማር የወጋው እግርም ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይተው፤ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይጠየቅ።